ሃያ ሰባት ካርድ ስለ ሰርቪስ

ሀምቡርግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ጃዕፈር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከነቤተሰብዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ከብርዱ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እናትና አባቴ ካለፉ ወዲህ «ልጄ» ብሎ የሚጠራኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎትና አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ጋሼ፣ ዛሬ የማስቸግርዎ ስለ አንድ ቃል ነው። እዚህ የምሠራበት ክፍል፣ ከተሜው በአማርኛ ውስጥ ስለሚጠቀምባቸው የውጭ ቃላት መዝገበ ቃላት እያዘጋጀ ነው። የአዲስ አበባው ሥራ አልቋል። እኔ ደግሞ አዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞችም ይግቡ ብዬ ተከራከርኩ። ፕሮፌሰሯ «እንግዲያው አንድ ቃል ሠርተሽ አሳዪኝ። ጥሩ ከሆነ የሦስት ዓመቱ ሥራ ያንቺ ነው፤ ካልሆነ መጽሐፉ በአዲስ አበባ ብቻ ይወጣል» አሉኝ።

«ሰርቪስ»ን መረጥኩ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እኛ ጋ ስንቱን ሥራ እንደሚሠራ አስበውት ያውቃሉ? እርስዎ ሃያ ስድስት ዓመት የነዱት የፋብሪካ አውቶቡስ ሰርቪስ ነው። መኪና ጋራዥ ገብቶ ሰርቪስ ይደረጋል። ከግቢ ኋላ ያሉት ክፍሎች ሰርቪስ ናቸው። መረብ ኳስ ላይ ሰርቪስ ይመታል። ጡረታ የሚወጣ ሰው ሰርቪሱ ይቆጠርለታል። ሆቴል ሲበላ ሒሳቡ ላይ ሰርቪስ ይጨመራል። ይህን ሁሉ እኔ አውቀዋለሁ፤ የእኔ ማወቅ ግን እዚህ ዋጋ የለውም። ምስክር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ካርድ እልክልዎታለሁ። በአንድ ካርድ አንድ ሰው ነው፦ ስሙ፣ አድራሻው፣ ቀኑ፣ ከዚያም ያለው ነገር ልክ ከአፉ እንደወጣ። ጊዜዬ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው።

እህቴን በድሪያንም ይጠይቁልኝ። ስደውልላት «ደህና ነን» ብላ ትዘጋለች። ከመቂ ከተመለሰች ወዲህ የአባታችን ትልቁ ቤት ለእሷም ለልጆቿም እንደተመቻቸው ተስፋ አለኝ።

የእህትዎ ልጅ፣ ሑስና ዑስማን

*

አዳማ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ ለሑስና፣

ሰላምታዬ ባሕሩንም ብርዱንም ተሻግሮ ይድረስሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ደብዳቤሽን የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሜቲ አትማ ሰጠችኝ። መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ ለራሴ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ጮክ ብዬ ለሰፈሩ ሰው አነበብኩት። ጀርመን አገር ሰው ጠፍቶ ለጃዕፈር ተጻፈለት ሲሉ ደረቴን ነፋሁ፤ ምን ልደብቅሽ!

ልጄ፣ ትክክለኛው ሰው ጋ ነው የመጣሽው። በዚህ ከተማ «ጃዕፈር ሰርቪስ» ብለሽ ጠይቂ፤ ጡት ያልጣለ ሕፃን ቤቴን ያሳይሻል። ጡረተኛ ነው ብለሽ አትናቂኝ። ሻሸመኔ ወረድኩ፣ አርሲ ነገሌ ገባሁ፣ ባቱ አደርኩ፣ ደራ ደርሼ ተመለስኩ። ሃያ ካርድ ሞልቼልሻለሁ፤ ሜቲ በማሽኗ አንስታ ልካልሻለች። ለናሙና ያህል እነሆ፦

ጉተማ፣ መካኒክ፣ አርሲ ነገሌ፦ «ማንኛውም ተሽከርካሪ በተወሰነ ኪሎ ሜትር ሰርቪስ ቢደረግ ለረጅም ዘመን ያገለግላል።»

ቀመሪያ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አዳማ፦ «ሰርቪሱ በሰዓቱ ይመጣል። ሹፌሩም ጨዋና ታጋሽ ሰው ነበር።»

በድሪያ ዑስማን፣ አዳማ፣ ሰርቪስ ቤት፦ «ሰርቪስ ቤት ማለት ከዋናው ቤት በስተጀርባ የሚገኝ፣ ለኑሮ አመቺ የሆነ ማረፊያ ነው።»

ይኸው ነው! ፕሮፌሰሯ አንብበው ይደነቁ። መጽሐፉ ሲወጣ ስሜ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «አቶ» ተብሎ ከነአባቴ ስም ይግባልኝ፤ ሌላ የምጠይቅሽ የለም። ስለ ቤቱ አታስቢ። የአባትሽ አደራ በእጄ ነው፤ ቁልፉ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም።

አጎትሽ ጃዕፈር

*

ሀምቡርግ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጃዕፈር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። በዚያ ጉልበትዎ አራት ከተማ ዞረው ይህን ሁሉ ስለለፉልኝ አላህ ጀዛዎን ይክፈልልኝ። የእጅ ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል! ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ አሳየኋቸው።

ትንሽ ትንሽ ጥያቄ አለችኝ፤ አይቀየሙኝ። ጉተማ በዘይት በተነከረ እጁ ቆሞ «ተሽከርካሪ» አለዎት? ቀመሪያስ ስለ ሰርቪስ ስትጠየቅ የሹፌሩ ጨዋነት ከየት መጣባት? የሻሸመኔዋ የመረብ ኳስ አሠልጣኝ ጋዲሴም «ሰርቪስ የጨዋታው መጀመሪያ ምዕራፍ ነው» ብላለች። ሜዳ ላይ ቆማ ነው እንዲህ ያለችው?

አንድ ሌላም አለ። የበድሪያ አድራሻ ለምን «ሰርቪስ ቤት» ሆነ? እዚያ ተከራይ ያለ መስሎኝ ነበር።

ሑስና

*

አዳማ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሑስና፣

እንዴት ሰነበትሽ። እኛ ደህና ነን።

መልሴ የዘገየው ተቀይሜሽ ነው፤ እውነቱን ልንገርሽ። ወይ ጉድ! በዚህ ሽበቴ ውሸታም ልባል? ጉተማ ከሰው ጋር ሲሆን አነጋገሩ ሌላ ነው። ጋዲሴም ብትሆን የተማረች ናት፣ ዲፕሎማ አላት። የእኛ አገር ሰው ሲጠየቅ አስቦ፣ ቃል መርጦ ነው የሚመልሰው፤ ይህን ፈረንጁ ካላወቀ አንቺ ልታስረጂው ይገባ ነበር። እመኚኝ፣ አንዱም ካርድ ሐሰት የለበትም።

ይኸው ደግሞ ሰባት ጨመርኩልሽ፤ ሃያ ሰባት ሆኑ። የደራዋን የኤቢሴን በተለይ ተመልከቺያት፦ «ሰርቪስ አንድ ሠራተኛ ለመሥሪያ ቤቱ በቅንነት ያበረከተው የዕድሜ ድምር ነው።» ከዚህ በላይ ምን ይባላል?

ስለ በድሪያ አድራሻ የጠየቅሽውን ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። ሜቲ መብራት ሳይጠፋ እንላከው እያለች እያጣደፈችኝ ነው።

አጎትሽ ጃዕፈር

*

ሀምቡርግ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጃዕፈር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎን አላህ ይጠብቅልኝ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ እነግርዎታለሁ።

ትናንት ስብሰባ ነበረን። ፕሮፌሰሯ አርባ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ሃያ ሰባቱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ በተርታ ደርድረው አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው «ሑስና፣ እነዚህ ሃያ ሰባት ሰዎች አንድ ሰው ናቸው» አሉኝ። «አጎቴ አይዋሽም» ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ። ቆሜ እያለሁ ታዲያ ቀመሪያ ስለ ሹፌሩ ያለችው ፊቴ ድቅን አለ። መልሼ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ያንን አንድ ሰው እኔ አውቀዋለሁ፤ እወደዋለሁም። ልጅ ሆኜ ከፋብሪካው በር ላይ አንሥቶ አውቶቡሱ ፊት ያስቀምጠኝ ነበር። ግን መዝገበ ቃላት አይሆንም። ጋሼ፣ በሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ውስጥ «ወላሂ» የምትል ቃል ፈልጌ አጣሁ። እርስዎ በትንሹም በትልቁም የማይምሉ ሰው ቢሆኑ ባልገረመኝ።

ጊዜው እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው፤ አልተራዘመልኝም። እውነተኛ ካርድ ካልመጣ አዳማ የለችም፣ ሻሸመኔ የለችም፣ እኔም ሥራ የለኝም። ቢሳደቡም እንደተሳደቡ ይጻፉልኝ።

ሑስና

*

አዳማ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሑስና፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላህ። ዒዱ እንዴት አለፈ? እኛ በሰላም ፆመን አፈጠርን፤ ዱዓ አድርገንልሻል።

ልጄ፣ አፈርኩ። ደብዳቤሽን ሳነብ ሜቲ «ምን ሆኑ?» ብላ ወንበር አመጣችልኝ። ወላሂ ያላልኩት አውቄ ነው፤ አላህን ምስክር አድርጌ መዋሸት ስለከበደኝ ነው። ሰዎቹን ግን ሁሉንም አግኝቻቸዋለሁ፤ ወላሂ! ያሉኝንም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ነበር። ከዚያ ቤት ገብቼ ሳነበው ደነገጥኩ። ስድብ ነው፣ ቀልድ ነው፣ ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ ነው። ሰው እንግዳ ሲመጣበት ልጁን ፊቱን አጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ አይደል የሚያቀርበው? የእኛ ሰው ፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ እንዲገባ አልፈለግኩም። ስለዚህ አጠብኩት። ቁራጭ ወረቀቶቹንም ጣልኳቸው፤ ሞኝነቴ!

ረመዳን ገባና ከዒዱ በኋላ እንደገና ወጣሁ። በእያንዳንዱ ሰው ፊት የጻፍኩለትን አንብቤ ይቅርታ ጠየቅኩ። ጉተማ የራሱን ካርድ ሰምቶ «ይሄ ጉተማ የሚሉት ሰውዬ ሚኒስትር ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ጋራዡን ሞላው። እንግዲህ ያሉትን አንድ በአንድ ልኬልሻለሁ፤ ከፊሉን እዚህ ልገልብጥልሽ፦

ጉተማ፣ አርሲ ነገሌ፣ ለአንድ የአይሱዙ ሹፌር ሲናገር፦ «ሰርቪስ ሳታስደርግ ነድተህ ነድተህ ሞተሩን ጥብስ አድርገህ ታመጣና ‹ምን ነካው?› ትለኛለህ! ምን ይነካዋል አቦ? አንተ ነካኸው!»

ጋዲሴ፣ ሻሸመኔ፣ ለተጫዋቿ ሜዳ ላይ፦ «ሰርቪስ ምቺ አልኩሽ እንጂ ኳሱን ሸኚው አልኩሽ? ኧረ በናትሽ ምቺው!»

ጀቤሳ፣ እህል ነጋዴ፣ ባቱ፣ ዓሣ በልቶ ሒሳብ ሲመጣለት፦ «ለሰርቪስ አሥር ፐርሰንት ጨምረዋል። አሳላፊው ሹካ ላምጣ ብሎ እንደሄደ ነው፤ እሱን አግኙልኝና አሥሩን ለራሱ እሰጠዋለሁ።»

ኤቢሴ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ ደራ፦ «ሰርቪሴ ሠላሳ ዓመት ነው ስላቸው ፋይልሽ ላይ ያለው ሃያ አራት ነው አሉኝ። ስድስቱን ዓመት ታዲያ ማን ጠረገላቸው? ጅኒ?»

ቀመሪያ፣ አዳማ፦ «ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ አንዱ ጫማዬ አስፋልት ላይ ቀረ። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ ነድቶት ሄደ። ያ ሹፌር ደግሞ አንተ ነህ፣ ጃዕፈር! አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩህም።»

ይኸው ጻፍኩት። በመጽሐፉ መጀመሪያ ገጽ ይግባልኝ ያልኩሽን ስም ተዪው፤ ቀመሪያ ካለችበት መጽሐፍ የእኔ ስም ቢርቅ ይሻላል።

አንዱን ካርድ ለብቻው አስቀርቼዋለሁ። ከመላኬ በፊት ልንገርሽ። አባትሽ በታመመ ጊዜ እጄን ይዞ «ትልቁን ቤት ለሑስና አደራ» አለኝ። እኔ ደግሞ አደራ መጠበቅ ማለት መቆለፍ መሰለኝ። ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ስድስት ዓመት ቆልፌዋለሁ። በድሪያ ከባሏ ተለያይታ ከመቂ ስትመለስ «ቤት እስክታገኚ ሰርቪሱ ውስጥ እረፊ» አልኳት። ሁለት ዓመት ሆናት። እሷ ቁልፍ አልጠየቀችም፤ እኔም ሰጥቼ ካንቺ ጋር እንዳልጣላ ፈራሁ። ላንቺም እንዳልነግርሽ፣ እዚያ ብቻሽን ሆነሽ ከምታዝኚ ብዬ ተውኩት። የድሮውን ካርድ «ለኑሮ አመቺ» ብዬ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

አሁን ሄጄ ጠየቅኳት። «አሳምረው ከጻፉት ቀድጄ እጥለዋለሁ» አለችኝ። ያለችው ይህ ነው፦

«ሰርቪስ ማለት ይኸው ይህ ያሉበት ክፍል ነው። ሦስት ልጅ ይዤ አንድ ፍራሽ ላይ ነኝ። አራት ክፍል ያለው ቤት ፊቴ ተቆልፎ ቆሟል፤ መስኮቱን በውጭ የምወለውለው እኔ ነኝ፤ ሑስና ስትመጣ ቆሽሾ እንዳታይ። ሲዘንብ ባልዲ ደቅኜ ቁጭ እላለሁ። ሰው ‹ለምን አትነግሪያትም?› ይለኛል። እህት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራታል? ሳይነገራት ትጠይቅ ነበር እንጂ።»

አነበብኩላት። «እስቲ ይድገሙት» አለችኝ። ደገምኩላት። ከዚያ በሩን ከፈተችልኝና ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሰፈር ለማለፍ አፍራለሁ።

ካርዱን ተጠቀሚበት ወይም ቅደጂው፤ ሌሎቹ የሚበቁሽ ይመስለኛል። እኔን ግን ይቅር በይኝ።

አጎትሽ ጃዕፈር

*

ሀምቡርግ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጃዕፈር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

የበድሪያን ካርድ ያነበብኩት ባቡር ውስጥ ነው። መውረጃዬን አልፌ የመስመሩ ጫፍ ድረስ ሄድኩ። «አላውቅም ነበር» ብዬ ልጽፍልዎ ጀመርኩና ተውኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ «ቤቱ እንዴት ነው?» ስል ኖሬያለሁ፤ «ማን ይኖርበታል?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። ብጠይቅ መልሱ ደስ እንደማይለኝ ልቤ ያውቅ ነበር መሰለኝ። እርስዎን ለመቆጣት አፍ የለኝም። በድሪያን ይቅርታ ሁለታችንም እንጠይቃት።

ካርዶቹን ሁሉ አቀረብኩ። ፕሮፌሰሯ የኤቢሴን ሲያነቡ ሳቁ፣ የጉተማን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የበድሪያን እኔው ራሴ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩ። ስጨርስ «ይህ ካርድ የቃሉ መክፈቻ ምሳሌ ይሆናል» አሉ። ለሰርቪስ ቤት ሌላ ምስክር የለንም፤ ያለ እሱ ሥራው ሙሉ እንደማይሆንና እንደማይቀበሉትም ነገሩኝ። ጊዜዬንም ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ 20 ድረስ አራዘሙልኝ፤ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማንም ሰው ሳይፈቅድ ቃሉ አይታተምም። የሌሎቹን ፊርማ ከካርዱ ጀርባ ወስደዋል፤ የበድሪያ ግን የለም።

ፎርሙን አያይዤ ልኬያለሁ። ግን ጋሼ፣ መጀመሪያ ቁልፉን ወስደው ይስጧት። ቤቱ የእሷና የልጆቿ ነው፤ አባቴ ቢነሣም የሚለው ይህንኑ ነው። ፎርሙን በዚያው ቀን እንዳያወጡ፤ ለቁልፉ የሚከፈል ዋጋ እንዳይመስላት። ሰንብተው በሌላ ቀን ይጠይቋት። እምቢ ካለች ይቅር፤ የሦስት ዓመቱም ሥራ አብሮ ይቅር። አንዲት ቃል አልናገራትም።

እህቴን ሰላም ይበሉልኝ። ለመደወል ስልኩን አነሣና አስቀምጠዋለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።

ሑስና

*

አዳማ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ልጄ ለሑስና፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ክረምቱ ዘንድሮ ቸኩሎ ገባብን፤ ሰፈሩ ጭቃ ሆኗል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እንዳልሽኝ አደረግኩ። ድፍረቱ እስኪመጣልኝ ግን ሳምንታት ፈጀብኝ። ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቁልፉን ይዤ፣ ምን እንደምላት መንገዱን ሙሉ እያጠናሁ ሄድኩ። ግቢው ስገባ የትልቁ ቤት በር ወለል ብሎ ተከፍቷል! መጋረጃው ተቀይሯል፣ የልጆቹ ዩኒፎርም በረንዳው ላይ ተሰጥቷል፣ ትንሹ ልጅ ያባትሽ ወንበር ላይ ተንጋሎ ካርቱን ያያል። «ሌባ ገባ እንዴ?» ብዬ ደጁ ላይ ድርቅ አልኩ።

በድሪያ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ምን በር ላይ ያቆምዎታል?» አለች። ቁልፉን አወጣሁ። አየችውና «እሱ አይከፍትም፤ ሌላ ቁልፍ አስገጥሜያለሁ» አለችኝ። መቼ እንደገባች ጠየቅኳት። «ያንን ካርድ ሁለት ጊዜ ያነበቡልኝ ጊዜ ነዋ! ስናገረው ምንም አልመሰለኝም፤ ተጽፎ ሲነበብልኝ ግን ለራሴ አዘንኩ። እንደዚያ ብዬ ተናግሬ ተመልሼ እዚያው ልተኛ? በማግሥቱ ብየዳ ቤት ሄጄ ሰው አመጣሁና ጓጉንቸሩን አስቆረጥኩት» አለች። እኔ ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ሰፈር ላለማለፍ በቅያስ ስዞር፣ እሷ ቤቷ ውስጥ ነበረች። ስድስት ዓመት ኪሴን የቀደደውን ቁልፍ ምን እንደማደርገው ግራ ገባኝ፤ ልጁ ወስዶ መጫወቻ አደረገው።

በዚያ ቀን ፎርሙን አላወጣሁም። ትናንት ተመልሼ ሄድኩና ሰጠኋት፤ እምቢ ብትልም እንደማትቀየሚያትና ሥራውም እንደሚቀር ነገርኳት። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው፣ ፈረመችም። ፎርሙን ሜቲ አሁን ትልክልሻለች፤ እንግዲህ ሥራሽ ሥራሽ ነው፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ከተማችንም መጽሐፍ ውስጥ ገባች።

ከፈረመች በኋላ ግን ብዕሩን ሳትመልስልኝ «ለሑስና የምልክባት አለኝ፤ ይጻፉ» አለችኝ። እየሳቀች ይሁን እየተቆጣች ለይቼ አላወቅኩም። የጻፍኩት ይኸው ነው፦

በድሪያ ዑስማን፣ አዳማ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.፦ «ይታተም፤ ከነስሜ ከነአባቴ ይውጣ። አድራሻዬን ግን ታስተካክል፦ ‹ሰርቪስ ቤት› የሚለውን ሰርዛ ‹ትልቁ ቤት› ትበል። ደግሞ ወደ አገሬ ብመጣ የት አርፋለሁ ብላ እንዳትጨነቅ። ሰርቪሱ ባዶ ነው ይበሏት።»